ከሒጃዝ በቀር

በ1857 ከኢስታንቡል የወጣው የሱልጣን አብዱልመጂድ ፊርማን፣ ማለትም የሱልጣን ትእዛዝ፣ ጥቁር ባሪያ መሸጥና ማሻገር በኦቶማን ግዛት ክልክል መሆኑን አወጀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚሁ ክልከላ ግን አንድ አውራጃ ተነጥሎ እንዲቀር ተደረገ፤ ሒጃዝ። ሒጃዝ መካና መዲና ያሉበት፣ ጅዳም የወደብ በራቸው የሆነችበት አገር ነው። ከዳኑብ ወንዝ እስከ ባስራ የተዘረጋውን ግዛት በካርታ ላይ ለሚመለከት ሰው ይህ ጠባብ የባሕር ዳርቻ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከምጽዋና ከታጁራ ሰው ጭነው የሚነሡት ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚያራግፉት በጅዳና በአካባቢዋ ስለነበር፣ ሕጉ የዘለለው ቦታ ሕጉ ከሁሉ በፊት ሊደርስበት የሚገባው ቦታ ነበር። አጥሩን ዙሪያውን አጥብቆ በሩን እንደ መተው ነው። የኦቶማን መንግሥት የዘመናዊነት ጥረት ለምን ከሸፈ ሲባል አንዱ ወገን ለውጡ ፈጥኖ ነበር ይላል፤ ሌላው ዘግይቶ ነበር ይላል። የጅዳ ታሪክ የሚያሳየው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ማሻሻያው የተበላሸው ድምፅ ያለው ባኮረፈ ቁጥር ድምፅ በሌለው ሰው ሒሳብ እየተደራደረ ስለሄደ ነው። ያ ድምፅ የሌለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ምድር የተነዳ ነበር።

ጅዳ ለእኛ የባዕድ ከተማ ብቻ አይደለችም። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ ሲሰደዱ የተሳፈሩት ያኔ የመካ ወደብ ከነበረችው ከሹዐይባ ነው፤ ጅዳ ወደብነቱን የወሰደችው በ647 በኸሊፋ ዑስማን ዘመን ነው። ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1555፣ ኦቶማኖች ለኦዝደሚር ፓሻ የሐበሽ ግዛት የሚባል አስተዳደር ሰጡት፤ በ1557 ምጽዋን ያዘ። ወደ ደጋው ለመውጣት ያደረጉት ሙከራ ስላልሠመረ ግዛቱ በባሕር ዳር ቁራጭ ላይ ተወሰነ፤ ምጽዋና ሕርጊጎ ናይብ ለሚባሉት የአገሬው እንደራሴዎች ሲተዉ የአገረ ገዢው መቀመጫ ወደ ጅዳ ተሻገረ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመትም የጅዳው ፓሻ የጅዳና የሐበሽ አገረ ገዢ ይባል ነበር። ስለዚህ ሐበሽ የሚለው ስም በዚያ ከተማ በሁለት ቦታ ይሰማ ነበር። አንዱ በፓሻው ማዕርግ ላይ ነው፤ ሁለተኛው በገበያው ውስጥ፣ ከኦሮሞ፣ ከጉራጌ፣ ከሲዳማና ከከፋ ምድር ተነጥቀው ለሽያጭ የቆሙት ልጆች በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው። አገረ ገዢው በስማቸው ማዕርግ ተሸክሞ ሳለ ሊከላከልላቸው ግዴታ ያልነበረበት መሆኑ፣ የመላው ታሪክ ማጠቃለያ ሊሆን ይችላል።

የማሻሻያው ዘመን፣ ተንዚማት የሚባለው፣ የተጀመረው በኅዳር 1839 ሙስጠፋ ረሺድ ፓሻ በጉልሐኔ የአትክልት ስፍራ ባነበበው አዋጅ ነው። አዋጁ ሃይማኖት ሳይለይ ለሱልጣኑ ተገዢ ሁሉ የሕይወት፣ የክብርና የንብረት ዋስትና ሰጠ፤ ግብር በሥርዓት እንዲጣል፣ ወታደርም በሥርዓት እንዲመለመል ቃል ገባ። በወቅቱ ሒጃዝ በግብፁ መሐመድ ዓሊ እጅ ነበረች፤ ጦሩ በ1840 ሲወጣ ኢስታንቡል አገሪቱን መልሳ ተረከበች። ሆኖም ማሻሻያው እንደሌላው አውራጃ አልተተከለባትም። የሒጃዝ ሰው ለውትድርና አይመለመልም፤ እንደሌላው ግዛት ግብር አይከፍልም፤ እንዲያውም በየዓመቱ ከኢስታንቡል ሱሬ የሚባል የገንዘብና የስጦታ ጭነት ይላክለታል። በ1867 የውጭ አገር ሰዎች በኦቶማን ምድር ርስት እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ ሲወጣም ሒጃዝ በግልጽ ተነጥላ ቀርታለች። አስተዳደሩም ሁለት ራስ ነበረው፤ ከኢስታንቡል የሚሾመው ዋሊ በአንድ በኩል፣ ከነቢዩ ዘር የሚወጣው የመካ ሸሪፍ በሌላ በኩል። ከእነዚህ ልዩነቶች አንዳንዶቹ ምክንያታዊ ነበሩ። ሰብል የማያበቅል፣ በእህል ጭነትና በሐጅ የሚኖር አገር እንደ አናቶልያ ግብር ሊከፍል አይችልም። አደጋው ልዩነቱ ልማድ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ አዲስ ሕግ ጅዳ ደጃፍ ሲደርስ ድርድር የሚጠብቀው ከሆነ፣ ሕጉ ሕግ መሆኑ ቀርቶ የመነሻ ዋጋ ይሆናል።

የጅዳ ነጋዴዎች ለምን በባሪያ ንግድ ላይ እንደዚያ እንደጸኑ ለመረዳት ባሕሩን ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዝ በጥር 1839 ዓደንን ያዘች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1838፣ ኦቶማኖች ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የባልታ ሊማን ውል የመንግሥት ሞኖፖሎችን አንሥቶ የገቢ ቀረጡን ዝቅ አድርጎ ወስኖ ነበር። የእንፋሎት መርከቦች ሲበዙ ከሕንድ የሚመጣው ጨርቅና ሩዝ፣ ከየመን የሚወጣው ቡና፣ የሑጃጁም መጓጓዣ ሳይቀር በአውሮፓውያንና በእንግሊዝ ጥላ ሥር ባሉ ሕንዳውያን ነጋዴዎች እጅ እየገባ ሄደ። በዚህ ሁኔታ ለሐድረሚውና ለጅዳው ነጋዴ የባዕድ ኩባንያ የማይሻማው አንድ ገበያ ቀረለት፤ የሰው ገበያ። ይህን መገንዘብ ንግዱን ማጽደቅ አይደለም። የምናገኘው ትምህርት ሌላ ነው፤ ማሻሻያው በአንድ እጁ የነጋዴውን እንጀራ ለውጭ ኃይል ከፍቶ በሌላ እጁ የቀረችውን ሊወስድ መጣ፤ በምትኩ ግን ምንም አላዘጋጀም። ተቃውሞው ከሃይማኖት መምህር አፍ ቢወጣም ሥሩ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ነበር።

በ1854፣ በክሪሚያ ጦርነት መካከል፣ ሱልጣኑ በአጋሮቹ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ግፊት የጆርጂያና የቼርከስ ሰዎችን ሽያጭ ከለከለ። ወሬው ቀይ ባሕር ሲደርስ ቀጣዩ ተራ የአፍሪካውያን መሆኑን ለመገመት አላዳገተም። በሚያዝያ 1855 የጅዳ ታላላቅ ነጋዴዎች ለመካ ዑለማና ለሸሪፍ አብዱልሙጠሊብ ደብዳቤ ጽፈው ስጋታቸውን አስታወቁ። በጥቅምት መጨረሻ ዋሊው ካሚል ፓሻ የባሪያ ንግድ መከልከሉን የሚገልጽ ትእዛዝ መካ ላይ እንዲነበብ ከጅዳ ላከ። የዑለማው አለቃ ሸይኽ ጀማል ክልከላው ከሸሪዓ ውጭ ነው ሲል ፈረደ፤ ከዚያም አልፎ ቱርኮች ሴቶች ሳይሸፋፈኑ እንዲወጡ መፍቀድን የመሰሉ ነገሮች አምጥተዋል ብሎ ከሃዲዎች አደረጋቸው። ከሹመታቸው ሊነሡ የተቃረቡት ሸሪፍም ቁጣውን ተጠቀሙበት። መካ በዓመፅ ታመሰች፤ እስከ 1856 አጋማሽም ሙሉ በሙሉ አልበረደችም። አብዱልሙጠሊብ ተይዘው ወደ ሰሎንቄ ሲላኩ፣ ቦታቸውን ቀድሞ ሸሪፍ የነበሩት መሐመድ ኢብን ዐውን ያዙ።

ወታደራዊው ድል የመንግሥቱ ሆነ፤ የሐሳቡ ድል ግን የዓመፀኞቹ ነበር። የመንግሥቱ የበላይ የሃይማኖት ሹም፣ ሸይኹል ኢስላሙ ዓሪፍ ኤፌንዲ፣ ከኢስታንቡል ለመካ የጻፉት ምላሽ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መንግሥት የወንድና የሴት ባሪያ ሽያጭ ከልክሏል የሚለውን ወሬ፣ አዛን ተከልክሏልና ሴቶች እንዲገላለጡ ታዟል ከሚሉት ወሬዎች ጋር በአንድ መስመር ደርድረው፣ ሁሉንም ለዓለም ጥቅም የሚስገበገቡ ሰዎች የፈጠሩት ውሸት ነው ብለው አስተባበሉ። መንግሥት የጀመረው ታላቅ የፍትሕ እርምጃ በገዛ የሃይማኖት ሹሙ ብዕር ስም ማጥፋት ተባለ ማለት ነው። በ1857 የጥቁር ባሪያ ንግድ ሲከለከል ሒጃዝን መዝለል ከዚህ ቀጥሎ የመጣ ሁለተኛ እርምጃ እንጂ ድንገተኛ ውሳኔ አይደለም። ዓመፁ በጦር ቢሸነፍም የጠየቀውን በፊርማን አገኘ። ጅዳም አንድ ነገር ተማረች፤ መጮህ ያዋጣል።

ያ ትምህርት ብዙ ሳይቆይ ደም አስከተለ። ሰኔ 15 ቀን 1858 በወደቡ የቆመች ኢራኒ የተባለች መርከብ የእንግሊዝን ወይስ የኦቶማንን ባንዲራ ትስቀል በሚል ጠብ ተነሥቶ፣ ሕዝብ በቆንስላዎቹ ላይ ወጣ። የእንግሊዙ ምክትል ቆንስል ስቲቨን ፔጅና የፈረንሳዩ ቆንስል ኤቬያር ጭምር ከሃያ በላይ ክርስቲያኖች ተገደሉ። በሐምሌ ሳይክሎፕስ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተማዋን በመድፍ ደበደበች፤ በነሐሴ አሥራ አንድ ሰዎች በሞት ተቀጡ። ሁለቱ ክስተቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የኢስታንቡል ፍትሕ በምን እንደሚመዘን ይታወቃል። ለተገደሉት አውሮፓውያን የሚናገር የጦር መርከብ ነበረ፤ ስለዚህ ጅዳ ከተንዚማት የንብረትና የሕይወት ዋስትና ማምለጥ አልተፈቀደላትም። በየዓመቱ በጀልባ ታጭቀው ለሚመጡት ሐበሾች የሚተኩስ መርከብ አልነበረም፤ ስለዚህ እነርሱ የሚያልፉበት ሕግ ተዘለለ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ባርነት በሸሪዓ የታወቀ ነገር ስለነበር የእስልምና መንግሥት ሊከለክለው አይችልም ነበር የሚል። ክርክሩ በታሪክ ፊት አይቆምም። የቱኒሱ አሕመድ ቤይ በ1841 የባሪያ ገበያውን ዘጋ፤ በጥር 1846 ባርነትን ጨርሶ ሻረ። ይህን ያደረገው ሃይማኖትን ወደ ጎን ብሎ አልነበረም፤ የሐነፊውና የማሊኪው መዝሀብ ታላላቅ ሙፍቲዎች፣ ሙሐመድ በይረምና ኢብራሂም አል ሪያሒ፣ ከሸሪዓ ምክንያት አቅርበው ደግፈውታል። ባሪያዎቹ በሕግ በተፈቀደ ጦርነት የተማረኩ መሆናቸው አጠራጣሪ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም የሚገባውን አያያዝ አያሟሉም፤ ስለዚህ ክልከላው ሃይማኖቱን ይጠብቃል የሚል ነበር መንገዱ። ቱኒስ በስም የኦቶማን ግዛት ነበረች። ስለዚህ ኢስታንቡል ያጣችው የሃይማኖት ፈቃድ አልነበረም፤ የፈቃዱን ምክንያት ይዞ በመካ ዑለማ ፊት የሚከራከር መምህር ነው። ዓሪፍ ኤፌንዲ መከራከር ሲችሉ ማስተባበል መረጡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሒጃዝ ባርነት ለስላሳ ነበር ይላል። በ1885 በመካ ለወራት የተቀመጠው የሆላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ የባሪያ ገበያው በይፋ ሲሠራ፣ ሐበሾችም በዚያ ተፈልገው ሲሸጡ አይቷል፤ በቤት ውስጥ የሚያዙበትን ሁኔታ ግን ከአሜሪካው እርሻ ባርነት ለይቶ፣ ለቤተሰብ አባልነት የቀረበ አድርጎ ጻፈ። በቤት ውስጥ ደግነት መኖሩን መካድ አያስፈልግም፤ ነፃ የወጡ፣ የወለዱ፣ ንብረት ያፈሩ ነበሩ። ግን የአንድን ንግድ ጭካኔ የመጨረሻው ገዢ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ መለካት አይቻልም። ሒሳቡ የሚጀምረው ከተቃጠለው መንደር ነው፤ በመተማ ወይም በአፋር በረሃ መንገድ ያልፋል፤ በጀልባ ሆድ ውስጥ ያድራል፤ ወንዶች ልጆች ለቅዱሳኑ መስጊዶችና ለባለጸጋ ቤት አገልጋይ እንዲሆኑ ሲሰለቡ የሞቱትንም ይቆጥራል። ጅዳ ደርሶ ልብስ የለበሰው ልጅ ከሞት የተረፈው ነው። ለስላሳነቱን የሚመሰክር ሁሉ የሚያየው የተረፉትን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ፀረ ባርነቱ የአውሮፓ ጣልቃ ገብነት ሽፋን ነበር የሚለው። እውነትነት አለው። እንግሊዝ ለሰብአዊነት ያላትን ተቆርቋሪነት ከመርከቧና ከንግዷ ጥቅም ለይታ አታውቅም፤ ከተማ በመድፍ የደበደበ ኃይል ስለ ነፃነት ሲሰብክ የሚያደምጠው ጥቂት ነው። በጥር 1880 ኦቶማኖች ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል የእንግሊዝ መርከቦች ባሪያ ጫኞችን እንዲፈትሹ ሲፈቅድ፣ ከጌታቸው ጋር በአገልጋይነት የሚጓዙ ጥቁሮች ማስረጃ ወረቀት ከያዙ እንዲያልፉ ቀዳዳ ትቷል፤ ለሐጅ የሚጓዝ ጌታ በማይጠፋበት ባሕር ላይ ይህ ሰፊ ቀዳዳ ነው። ይሁን እንጂ የባዕድ ግብዝነት የአገር መንግሥትን ከኃላፊነት አያወጣም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ያኔ የመካ ሸሪፍ የነበሩት ሑሴን ጅዳ ላይ ሲገደሉ፣ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ለመካ ሸሪፍነት መልሰው የሾሙት ማንን ነበር? የ1855ቱን ዓመፅ የመሩትን፣ አሁን የሸመገሉትን አብዱልሙጠሊብን። በጥር ክልከላውን የፈረመ መንግሥት ወራት ሳይቆይ ክልከላውን በጦር የተቃወመውን ሰው መልሶ አነገሠ። ይህን እንግሊዝ አላዘዘችም። ከዚህም በላይ፣ የባዕድ ግፊት የሚያዋርደው ራሱን ያላዘዘን መንግሥት ነው፤ ጅዳን ኢስታንቡል ራሷ ቀድማ ብትፈትሽ ኖሮ የእንግሊዝ መርከብ የሚፈትሽበት ሰበብ ባነሰ ነበር።

ማሻሻያው በጅዳና በመካ ምንም አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ነው። በ1882 ዋሊ ሆነው የመጡት ዑስማን ኑሪ ፓሻ በመካ የመንግሥት ሕንፃና የጦር ሰፈር አሠሩ፤ የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት በእርሳቸው ዘመን ተተከለ፤ ለጅዳ የሚጠጣ ውኃ ለማምጣት ደከሙ። የሸሪፉን ሥልጣን መንካት ሲጀምሩ ግን ሸሪፍ ዐውን አል ረፊቅ መካን ትተው ወደ መዲና ሄዱ፤ አቤቱታው ኢስታንቡል ደርሶ በ1886 የተነሡት ዋሊው ሆኑ። የጤናው ሥራም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በ1865 ከ90,000 ገደማ ሑጃጅ 15,000 ያህሉን ኮሌራ ፈጀ፤ በሽታው በመርከብ ግብፅና አውሮፓ ደረሰ፤ በ1866 የዓለም መንግሥታት ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ስለ ሐጅ ጤና መከሩ። ከዚያ የመጣው የካማራን ደሴት ኳራንቲን ከደቡብ ለሚመጣ ሑጃጅ ሸክም እንጂ እፎይታ አልመሰለም። በ1895 ቁጣው ፈንድቶ በጅዳ የእንግሊዙ ምክትል ቆንስል ሐኪም አብዱር ረዛቅ ተገደሉ፤ በመካም የማጽጃው መሣሪያ ተሰባበረ። የሒጃዝ ባቡርም ከደማስቆ ተነሥቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ በ1908 መዲና ሲደርስ ቆመ፤ ግመል የሚያከራዩት ጎሣዎችና የመካ ሸሪፍ ስላልፈለጉት ወደ መካና ጅዳ አልቀጠለም። ውኃ፣ ጤና፣ ባቡር፤ እያንዳንዱ የሠመረው ባለጉልበቱ እስከ ፈቀደበት ድረስ ነው።

አሁን አራተኛውን መከራከሪያ መመለስ ይቻላል። መንግሥቱ ደካማ ነበር፤ ሁለቱን ቅዱሳን ከተሞች ቢያጣ የሱልጣኑ ኸሊፋነት ባዶ ስም ይሆን ነበር፤ ስለዚህ መዝለሉ የብልህ ሰው ስሌት ነው የሚለውን። ስሌቱ ወደ ስድሳ ዓመት ገዝቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መጨረሻው ከየት መጣ? በሰኔ 1916 በኦቶማን መንግሥት ላይ የተነሡት የመካው ሸሪፍ ሑሴን ኢብን ዓሊ ናቸው፤ ጅዳ በቀናት ውስጥ እጇን ሰጠች። ለዓመፁ የእንግሊዝ ተስፋና ወርቅ፣ የጦርነቱ ረሃብ፣ ያኔ ኢስታንቡልን የያዙት የአንድነትና ተራማጅነት ኮሚቴ ሰዎች እብሪት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ ሸሪፉ በአዋጃቸው ያቀረቡት ክስ የኢስታንቡል ገዢዎች ከሸሪዓ ወጥተዋል የሚል ነበር፤ ሸይኽ ጀማል ከስድሳ ዓመት በፊት ያለውም ይህንኑ ነበር። ግብር ሳይከፍል፣ ወታደር ሳያዋጣ፣ ሕጉ ሳይመለከተው የኖረ አገር የመንግሥቱ አካል ነኝ የሚልበት ምክንያት ተመናምኖ ነበር። ልዩነቱ ታማኝነትን አልገዛም፤ መለያየትን አስለመደ እንጂ።

ይህን ሁሉ ጣት ወደ ማዶ ቀስሮ መጨረስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ጀልባው ከወዲህኛው ዳርቻ ባዶውን አልተነሣም። ዘራፊው፣ ነጂው፣ ቀረጥ ተቀባዩ ከእኛው ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከለከሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1884 ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ንግዱን ለመግታት ተዋዋሉ፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ የ1924ቱ አዋጅ ነፃነቱን ቀስ በቀስ አደረገው፤ ሙሉው ክልከላ እስከ 1942 ቆየ። በእኛም ዘንድ አዋጁ የሚዝለው መኳንንቱና ጠረፉ ላይ ሲደርስ ነበር። ኢስታንቡል ከሒጃዝ በቀር ብላ በጽሑፍ ያሰፈረችውን እኛ በዝምታ አድርገነዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መመዘን አያስፈልግም፤ ሁለቱም የወደቁት በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1962 ነው፤ ከጉልሐኔ አዋጅ 123 ዓመት በኋላ። ዛሬ ወደ ጅዳ የምትሄደው ኢትዮጵያዊት ፓስፖርትና የሥራ ውል ይዛ የምትሄድ ሠራተኛ ናት፤ ባሪያ ብሎ መጥራት የእርሷንም ክብር፣ የቀድሞዎቹንም መከራ ማቃለል ነው። ሆኖም የ2005ቱ የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ ከጥበቃው ውጭ የሚሆኑትን ሲዘረዝር የቤት ሠራተኞችን ይጨምራል፤ ለእነርሱ የተለየ ደንብ እስኪወጣ እስከ 2013 ተጠብቋል። ዘመኑ ሌላ፣ መንግሥቱ ሌላ፣ ጉዳዩም ሌላ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ግን ያው ነው። የኦቶማኑ ዘመን ለሕግ አንባቢ የተወው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። አንድ ማሻሻያ ሲታወጅ የመግቢያው ቃል ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ እዚያ አንቆይ። በቀር የሚለው ቃል ያለበትን መስመር እንፈልግ፤ በዚያ መስመር ስሙ የሠፈረው ማን እንደሆነ፣ ሲጻፍስ ተጠይቆ እንደነበር እንይ። በ1857 ስሙ የሠፈረው የአንድ አውራጃ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በዚያ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ያልተነሣ፣ በጅዳ ገበያ ሐበሽ ብቻ ተብለው የተጠሩ ሰዎች ናቸው።